ከዲላ እስከ ጅዳ፦ ርቀቱ፣ የበረራው ሰዓት እና የሐጅና ዑምራ ተጓዥ አስቀድሞ ሊያሰላው የሚገባ ነገር



ከዲላና ከአካባቢዋ ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሚነሳ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው «ጅዳ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ነው። አጭሩ መልስ፦ ከአዲስ አበባ ቦሌ ተነስቶ ጅዳ እስኪያርፍ በቀጥታ በረራ 2 ሰዓት ገደማ ነው።

ይህ መልስ ትክክል ቢሆንም ለጌዴኦ ተጓዥ ብቻውን አይበቃም። ከዲላ ቤቱ ወጥቶ መካ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ ተደምሮ ሲታይ ከአንድ ቀን ያልፋል፤ በአየር ላይ የሚያሳልፈው የዚያ ትንሹ ክፍል ነው። ጉዞ የሚበላሸውም በአብዛኛው ምድር ላይ ሳለን ነው፦ የትኬቱን ሰዓት በኛ አቆጣጠር በማንበብ፣ መንገድ ላይ በመዘግየት፣ የኢሕራሙን ልብስ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በመክተት። ለዓመታት ከቡና ሽያጭ የተጠራቀመ ገንዘብ በአንዲት የተሳሳተች ሰዓት አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ርቀቱንም ሰዓቱንም ከዲላ ጀምረን በቅደም ተከተል እናያለን።

ርቀቶቹ በአጭሩ

ከዲላ ወደ መካ በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር ርዝመቱ 1,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መስመሩ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው፤ ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የዲላ ቂብላም ይኸው ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድም፣ ከቦሌ ወደ ጅዳ የሚበረውም አውሮፕላን በጥቅሉ ወደ ሰሜን ይጓዛሉ።

ተጓዡ ግን በቀጥታ መስመር አይሄድም። ጉዞው በየክፍሉ ሲታይ እንዲህ ነው፤ ሁሉም አኃዞች ግምታዊ ናቸው፦

- ከዲላ ሐዋሳ በመኪና፦ 90 ኪ.ሜ፣ 2 ሰዓት
- ከዲላ አዲስ አበባ በመኪና፦ 360 ኪ.ሜ፣ ከነዕረፍቱ ከ7 እስከ 8 ሰዓት
- ከሐዋሳ ቦሌ በአውሮፕላን፦ 215 ኪ.ሜ፣ 45 ደቂቃ
- ከቦሌ ጅዳ በአውሮፕላን፦ 1,410 ኪ.ሜ፣ ከ2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ከሩብ
- ከቦሌ መዲና በአውሮፕላን፦ 1,730 ኪ.ሜ፣ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ
- ከጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ መካ በመኪና፦ 100 ኪ.ሜ፣ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል
- ከመዲና መካ በመኪና፦ 450 ኪ.ሜ፣ 5 ሰዓት

የአየሩ ርቀት በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል በቀጥታ የተለካ ነው። አብራሪው የሚከተለው የአየር መስመር ከዚህ ትንሽ ይረዝማል።

1,410 ኪሎ ሜትር ለምን 2 ሰዓት ይፈጃል?

ትላልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት ከ800 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይበራሉ። በዚህ ፍጥነት ብቻ ቢሰላ ጅዳ ለመድረስ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይበቃ ነበር። ነገር ግን አውሮፕላኑ ወደ መንደርደሪያው መሄድ፣ ተራውን መጠበቅ፣ ወደ ላይ መውጣት፣ ከዚያም ፍጥነቱን ቀንሶ መውረድ አለበት። ትኬት ላይ የተጻፈው የጉዞ ጊዜ እነዚህን ሁሉ ይጨምራል። የነፋሱ አቅጣጫም በሄድንና በተመለስን ቁጥር ጥቂት ደቂቃዎችን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

ሌላው ምክንያት የአየር ክልል ነው። ከቦሌ ወደ ጅዳ ቀጥ ያለው መስመር በኤርትራ ሰማይ ላይ አልፎ ቀይ ባሕርን ያገኛል። በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የነበረው በረራ በ1998 እ.ኤ.አ. በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ የተመለሰው ከ20 ዓመት በኋላ በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. ነበር። የአንድ አገር ሰማይ ሲዘጋ አውሮፕላን ዞሮ ይሄዳል፤ ደቂቃውም ይጨምራል። ስለዚህ ከዓመታት በፊት የሄደ ጎረቤት የነገረንን ሰዓት ሳይሆን በእጃችን ያለውን ትኬት እናምናለን።

ከባሕሩ በላይ የሚኖረን ቆይታ ከግማሽ ሰዓት በላይ ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦች በ615 እ.ኤ.አ. ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ በመርከብ የተሻገሩት ይህንኑ ባሕር ነው። አያቶቻችንም አውሮፕላን ከመምጣቱ በፊት ለሐጅ ሲነሱ ከብዙ ቀን የየብስ ጉዞ በኋላ ምጽዋን በመሳሰሉ ወደቦች አድርገው ይሻገሩ ነበር። ዛሬ መንገዱ ስላጠረ የመዘጋጃው ጊዜም አብሮ አጥሯል። ይህን ወደ ኢሕራም ስንደርስ እናየዋለን።

ከዲላ ቦሌ፦ በመኪና ወይስ በሐዋሳ በኩል?

ዲላ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ቅርቡ የሐዋሳው ነው። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለ።

የመጀመሪያው እስከ አዲስ አበባ በመኪና መሄድ ነው። መንገዱ በአለታ ጩኮ፣ በሐዋሳ፣ በሻሸመኔ፣ በአርሲ ነገሌ፣ በባቱና በመቂ አድርጎ ሞጆ ይደርሳል። ከባቱ እስከ ሞጆ ያለው የሞጆ–ሐዋሳ የፍጥነት መንገድ ክፍል አገልግሎት ላይ ስለሆነ፣ ከሞጆ በኋላም የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ስላለ፣ የመጨረሻው ሦስተኛ እጅ ከመጀመሪያው ይፈጥናል። ከዲላ እስከ ሻሸመኔ ያለው ግን በከተሞች መሐል የሚያልፍ ነው፤ ባጃጁ፣ ገበያተኛው፣ ከብቱ መንገዱን ይጋራሉ። ርቀቱን ብቻ አይቶ «5 ሰዓት ይበቃኛል» ብሎ ማሰብ አያዋጣም።

ሁለተኛው ከዲላ ሐዋሳ በመኪና ሄዶ ከዚያ ወደ ቦሌ መብረር ነው። በዚህ መስመር ከመቶ የማይበልጡ መንገደኞችን የሚጭኑ ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ይሠራሉ። ለአረጋውያንና ለታመሙ እጅግ ይቀላል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ፦

አንደኛ፣ 45 ደቂቃው በረራ ብቻውን አይቆጠርም። ከዲላ ሐዋሳ 2 ሰዓት፣ ከበረራው በፊት ቢያንስ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት፣ ቦሌ ሲደረስ ሻንጣ መቀበልና ወደ ዓለም አቀፉ ተርሚናል መሻገር አለ። ተደምሮ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይሆናል። የሚተርፈው ድካም እንጂ ብዙ ሰዓት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የሐዋሳውና የጅዳው በረራ በአንድ ትኬት ቢቆረጥ ይመረጣል። በአንድ ትኬት ሲሆን የመጀመሪያው ቢዘገይ አየር መንገዱ ቀጣዩን የማስተካከል ኃላፊነት አለበት። ለየብቻ የተቆረጠ ከሆነ ግን ሁለተኛው አውሮፕላን አይጠብቅም፤ ገንዘቡም ላይመለስ ይችላል። ሻንጣው በቀጥታ ጅዳ ይደርስ ወይም ቦሌ ላይ ትቀበሉት እንደሆነም ሐዋሳ ላይ ሳትጠይቁ አትለፉ።

ከይርጋ ጨፌ፣ ከኮቸሬ ወይም ከገደብ የምትነሱ ደግሞ ዲላ ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ ጨምሩበት። በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ዝናብ ከገጠር ቀበሌ ወደ ዋናው አስፋልት የሚወጣው መንገድ ሊጨቀይ ስለሚችል ዲላ ወይም ሐዋሳ ቀድሞ ገብቶ ማደሩ ይሻላል።

የትኬቱ ሰዓት የኛ ሰዓት አይደለም

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ኢትዮጵያና ሳዑዲ ዓረቢያ በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም ከግሪንዊች 3 ሰዓት ይቀድማሉ። ስለዚህ ጅዳ ስትደርሱ የእጅ ሰዓታችሁን ወደፊትም ወደኋላም አታዞሩም። ልዩነቱ አቆጣጠሩ ላይ ነው። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ የኛ ከንጋትና ከምሽት። አቀያየሩ እንዲህ ነው፦

- በትኬቱ ከ0 እስከ 6 የሚል ከሆነ 6 ጨምሩ፦ 02፡15 ማለት ከሌሊቱ 8፡15 ነው።
- ከ7 እስከ 18 የሚል ከሆነ 6 ቀንሱ፦ 14፡15 ማለት ከቀኑ 8፡15 ነው።
- ከ19 እስከ 23 የሚል ከሆነ 18 ቀንሱ፦ 20፡00 ማለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

ከሰዓቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ቀኑ ነው። ትኬቱ «ሐሙስ፣ 02፡15» ቢል በረራው ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ነው። የሐሙስን ቀን ውሎ ማታ ላይ ቦሌ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ብዙ ሰዓት አልፏል። ሙስሊሞች ይህን በቀላሉ መያዝ እንችላለን፤ በኢስላማዊው አቆጣጠር ሌሊቱ ከቀኑ ይቀድማልና። የጁሙዓ ሌሊት የምንለው ሐሙስ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለውን ነው። የሌሊት በረራንም እንዲሁ አስቡት።

ወሩና ቀኑም የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ በ1446 ዓ.ሂ. የዐረፋ ቀን በፈረንጆቹ ጁን 5 ቀን 2025፣ በኛ ደግሞ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። ትኬቱን ስትቀበሉ በጀርባው ላይ በኛ ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ለሚሸኙ ልጆችም ንገሯቸው።

ከበረራው ወደ ኋላ መቁጠር

ጥሩው ስሌት ከዲላ ወደፊት ሳይሆን ከአውሮፕላኑ ወደ ኋላ የሚቆጠር ነው። ከላይ ያለውን ትኬት እንውሰድ፦ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 8፡15።

ለዓለም አቀፍ በረራ 3 ሰዓት ቀድሞ መገኘት ስለሚመከር ረቡዕ ከምሽቱ 5፡15 ቦሌ መድረስ አለባችሁ። የሐጅ ጊዜ ከሆነ ሰልፉ ስለሚረዝም አንድ ሰዓት ጨምሩ፤ 4፡15 ይሆናል። የከተማው የትራፊክ መጨናነቅ እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ካረፋችሁበት ቤት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ መውጣት ያስፈልጋል።

በዚህ ስሌት ረቡዕ ጠዋት 12 ሰዓት ከዲላ የተነሳ ሰው ሁሉም ነገር ከተሳካለት ይደርሳል። ጎማ ቢፈነዳ፣ መንገድ ቢዘጋ ግን መጠባበቂያው ሊያልቅ ይችላል። እኛ የምንመክረው ማክሰኞ ጠዋት ተነስቶ አዲስ አበባ አድሮ ረቡዕን ማረፍን ነው። የአንድ ሌሊት ማደሪያ ዋጋ ካመለጠ ትኬት ጋር አይነጻጸርም።

ከዚህም የሚቀድሙ ቀኖች አሉ። ፓስፖርቱ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። ለሐጅና ዑምራ የሚጠየቀው የማጅራት ገትር ክትባት ሳዑዲ ከመድረሳችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ የቢጫ ወባ ካርድም የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። የሐጅ ምዝገባ የሚካሄደው በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በኩል ስለሆነ ቀነ ገደቡን በዞኑ ካሉ የመጅሊስ ተጠሪዎች ጠይቁ። ሐጅ በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ስለሚቀድም አምና የነበረው ቀን ዘንድሮ አይሠራም። የቡናው ገንዘብ ከጥቅምት እስከ ጥር የሚገባ መሆኑን አስባችሁ ክፍያውን ቀድማችሁ አቅዱ።

ሚቃት፦ በሰማይ ላይ የሚታለፍ ድንበር

ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሚሄድ ሰው ሚቃትን ሳያልፍ ኢሕራም ማድረግ አለበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለመዲና ሰዎች ዙልሑለይፋን፣ ለሻም ጁሕፋን፣ ለነጅድ ቀርነል መናዚልን፣ ለየመን የለምለምን ወስነዋል። እነዚህ ቦታዎች ለየአገሩ ሰዎችና በዚያ በኩል ለሚያልፍ ሁሉ ናቸው።

ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ ጅዳ የሚበር ሰው ከደቡብ ስለሚመጣ የለምለምን በአየር ላይ ይቀራረበዋል። ይህ የሚሆነው አውሮፕላኑ ለማረፍ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሲቀረው ነው። በረራው 2 ሰዓት መሆኑን አስቡ። ከተነሳ በኋላ ምግብ ይቀርባል፣ ሰው ይተኛል፣ የመጸዳጃው ሰልፍ ይረዝማል። ኢሕራሙን አየር ላይ እለብሳለሁ ብሎ የተቀመጠ ሰው ሳይዘጋጅ ሊያልፈው ይችላል።

ስለዚህ፦

- ገላ መታጠቡን ማረፊያችሁ ላይ ጨርሱ። ወንዶች የኢሕራሙን ልብስ እዚያው ወይም ቦሌ ላይ ልበሱ፤ ልብሱን መልበስ ብቻውን ኢሕራም አይደለም፣ ኒያው ነው።
- የኢሕራሙን ልብስ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በፍጹም አታስገቡ፤ በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ይሁን።
- ሚቃት ሲቃረብ ነይቱ፤ ተልቢያ ጀምሩ። የበረራ ሠራተኞች ሊያስታውቁ ይችላሉ፤ ግን በዚያ ብቻ አትመኩ። እንቅልፍ ይወስደኛል ብሎ የሚሰጋ ቀደም ብሎ ቢነይት እንደሚበቃለት ዑለሞች ይናገራሉ።

«ጅዳ ደርሰን እንነይታለን» የሚሉ አሉ። ሚቃትን አልፎ ለሚመጣ ሰው ጅዳ ሚቃት እንደማይሆን ብዙዎቹ ዑለሞች ይገልጻሉ፤ ያለ ኢሕራም ያለፈ ወደ ሚቃቱ ይመለሳል፣ ካልተመለሰም እርድ ይኖርበታል። ለየራሳችሁ ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ሸኽ ወይም ኡስታዝ ጠይቁ።

መጀመሪያ መዲና የምትሄዱ ከሆነ ግን በአውሮፕላን ላይ ኢሕራም አያስፈልጋችሁም። ኢሕራሙ ከመዲና ወደ መካ ስትወጡ ዙልሑለይፋ፣ ዛሬ አብያር ዓሊ በሚባለው ቦታ ላይ ነው።

የትራንዚት ትኬት ደግሞ ሰዓቱንም ሚቃቱንም ይቀይራል። ለምሳሌ ከቦሌ ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር፣ ከዱባይ ጅዳ 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአየር ላይ ብቻ ወደ 7 ሰዓት፣ ከመሐል መጠበቂያው ጋር ከ10 ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ከምሥራቅ ስለምትመጡም የሚያገኛችሁ ሚቃት የነጅዱ ቀርነል መናዚል ነው። ዋጋው ረክሶ ካገኛችሁት አረጋውያን ይህን መቋቋም መቻላቸውን አስባችሁ ወስኑ።

ጅዳ ከወረዱ በኋላ

አውሮፕላኑ አረፈ ማለት ጉዞው አለቀ ማለት አይደለም። በሐጅ ወቅት ሁጃጆችን የሚቀበለው በ1981 እ.ኤ.አ. አገልግሎት የጀመረው፣ ጣሪያው በድንኳን ቅርጽ የተሠራው የሐጅ ተርሚናል ነው። የፓስፖርት ምርመራ፣ ሻንጣ መረከብና አውቶቡስ መጠበቅ ከበረራው የበለጠ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ውሃ፣ ቀላል ምግብና መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ይኑር። በዑምራ ወቅት ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ መካ የሚወስደው የሐረመይን ፈጣን ባቡርም አለ፤ ይኸው ባቡር መካንና መዲናን ያገናኛል፤ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይከንፋል።

ሰዓታችን ከመካ ጋር አንድ ቢሆንም ፀሐይዋ ግን አንድ አይደለችም። በሰኔ ወር መካ ላይ ፀሐይ ከዲላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድማ ትወጣለች፤ ከ20 ደቂቃ በላይ ዘግይታ ትጠልቃለች። ስለዚህ የፈጅርንና የመግሪብን ወቅት በዲላ ልማድ አትገምቱ።

ሙቀቱም እንዲሁ ነው። የዲላን ደጋማና ወይና ደጋ አየር የለመደ አካል በሁለት ሰዓት በረራ ከ40 ዲግሪ በላይ ወደሆነ ሙቀት ይገባል። በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. በመስጂደል ሐራም 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተለክቶ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሐጅ ከሺህ በላይ ሰዎች ሕይወታቸው ማለፉን የሳዑዲ ባለሥልጣናት አሳውቀዋል። አውሮፕላኑ ፈጣን ስለሆነ ሰውነታችን በመንገድ ላይ የሚለማመድበት ጊዜ የለውም። በተለይ የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው አባቶቻችንና እናቶቻችን ደርሰው ወዲያው ወደ ጠዋፍ ከመጣደፍ ማረፊያቸው ገብተው ውሃ ጠጥተው ቢያርፉ መልካም ነው። ዑምራው ከጥቂት ሰዓት ዕረፍት በኋላም ይደርሳል።

እንግዲህ ከዲላ ጅዳ ስንት ሰዓት ነው ለሚለው የምንሰጠው ሙሉ መልስ ይህ ነው፦ በአየር 2 ሰዓት፣ ከቤት እስከ መካ ግን ሁለት ቀን መድቡ። ለመሄድ ያሰበ ጎረቤት ወይም ዘመድ ካላችሁ፣ በተለይ ትኬት ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች፣ ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ጽፋችሁ ስጧቸው።

አላህ የነየታችሁትን ያሳካላችሁ፣ ሐጃችሁን መብሩር፣ ዑምራችሁን መቅቡል ያድርግላችሁ። በሰላም ደርሳችሁ በሰላም ተመለሱ። አሚን።